ጋሼ ካርድ ሊያወጣ የመጣ ዕለት

የሰው ጭንቀትና ድንጋጤ ማከም ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል። የምታክምበት ክፍል ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው። በር በሩን ካላዩ መቀመጥ ለማይሆንላቸው ሰዎች ስትል ሶፋውን ወደ በሩ አዙራዋለች። ከቃጠሎ የተረፈው፣ የተዘረፈችው፣ አሳንሰር መግባት ያቃተው፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣል። ቤተሰቦቻቸውን ሁልጊዜ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ «እባካችሁ ‹ጠንከር በል› አትበሉት። ባይጠነክር ኖሮ እዚህ ድረስም አይመጣም ነበር።»

ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አባታቸው ሲሞት ደብተሩን ጥሎ መሪ የጨበጠው፣ እሷን ያስተማረው እሱ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው። «ሰው ወሬ አውርቶ ይጣላል፤ የኔ እህት ወሬ ሰምታ ደሞዝ ትበላለች!» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል።

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ገደሉን ሽሽት መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመው። እሱ ክንዱን ብቻ ተሰበረ፤ አሥር ዓመት አብሮት የሠራው፣ አጠገቡ የነበረው ባልደረባው ግን እዚያው ሞተ። ክንዱ በሁለት ወር ዳነ። ጋሼ ግን መኪና የሚባል ነገር ላይ መውጣት ተወ። የትም ቢሄድ በእግሩ ነው። ቤት ተቀምጦ እንኳ ከመንገድ ፍሬን ሲጮህ ከሰማ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሊነግራት ሞከረ። «ስሚ እህቴ፣ እኔ እኮ መሪውን ያዞርኩት…» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረሰችውም። «ተው እንጂ ጋሼ፣ አንተ ምን በወጣህ! ጠንከር በል። ጊዜ የማይሽረው ነገር የለም።»

ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም «እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ ሳህኑን ገፋ አደረገና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። የስንቱን ስብራት ስታይ የምትውል ሴት፣ የእሱን የምታይበት ዐይን አጣች። እሱ ከተሰበረ ማን ላይ ትደገፍ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንዱን ታካሚ ሸኝታ ሻይዋን ፉት ስትል፣ እንግዳ ተቀባይዋ በበሩ ብቅ አለች።

«ወንድምዎ ውጪ ተቀምጠዋል። ካርድ አውጪልኝ ነው የሚሉት።»

«ቀልዱን ነው» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። «ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ በይው።»

ቀልድ እንዳልሆነ ጠፍቷት አይደለም። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ከተማውን ከዳር ዳር በእግሩ አቋርጦ መምጣቱን፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አርባ ደቂቃ መጠበቁን ኋላ ሰማች። ቅዳሜ ሄደች። ስለ ልጆቹ ትምህርት ተጫውተው ተለያዩ።

በዓመቱ ሚስቱ ደወለችላት። «ሕክምና ጀምሯል፤ አንቺ ያስተማርሻት ልጅ ናት አሉ የያዘችው። ተመስገን ነው፣ እንቅልፍ ተኛ።»

ያችን የቀድሞ ተማሪዋን አንድ ሥልጠና ላይ አገኘቻት። ሰላምታው ሳያልቅ «ወንድሜ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ አቀረቀረች። «የታካሚ ምሥጢር ለእናቱም አይነገርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ልክ ነሽ።»

ጋሼ መሪ ዳግመኛ ባይጨብጥም አውቶቡስ መሳፈር ቻለ፤ መለዋወጫ መደብር ውስጥም ሥራ ያዘ። አንድ ቀን አብረው ተሳፍረው ሲሄዱ እንደ ምንም ደፈረች።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት የመለስኩህ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

በመስኮቱ አሻግሮ እያየ እጇን ያዝ አደረገ። «ይቅር ብዬሻለሁ። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን እንደገና ንገረኝ እንዳትዪኝ፤ አንዴ ተናግሬ ወጥቶልኛል።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥተው አያውቁም። እሑድ እሑድ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ እሱም እንደ ድሮው ያስቃቸዋል። እሷም ትስቃለች። አንዳንዴ ግን ሳቁ መሐል ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሊነግራት የመጣውን ነገር ዛሬም አታውቀውም።