አባታችን ጋ የላክናቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጎሮ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን መሃል ቆመው «ልመናችንን ካልተቀበሉን አንቀመጥም» አሉ...

የላክናቸው እኔና ወንድሜ ኑረዲን ነን። የተላኩት ደግሞ ወደ ገዛ አባታችን ነው።

አባዬ ከላምበረት ደሴ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። ሲገኝ አጥንቱ ጋ ደርሷል። ዶክተሩ እንደተለመደው አባዬን አስቀምጦ እኛን ውጭ ጠራንና ነገረን። አይድንም፣ ግን ማዘግየት ይቻላል አለ። በየሦስት ወሩ የሚወጋ የሆርሞን መርፌ አለ። እሱ ላይ ኬሞ ቢጨመር ዕድሜ ሊጨምርለት ይችላል፣ ግን ያደክመዋል። «የሚፈልገውን ራሱን ጠይቁት» ብሎንም ነበር።

ጠየቃችሁት ወይ እንዳትሉኝ። እኛ አገር ለታማሚ ካንሰር ነው ተብሎ ይነገራል እንዴ? «የሽንት ቧንቧ ቁስለት ነው» አልነው። መርፌውንም «ለቁስሉ ነው» ብለን አስወጋነው። ኬሞው ላይ ስንደርስ ግን ውሸታችን አለቀ። «ለቁስለት ብዬ ሆስፒታል አልመላለስም፣ መርፌው ይበቃኛል» ብሎ ድርቅ አለ። አባዬ አንዴ ድርቅ ካለ በግሬደርም አይነቃነቅ።

«ሽማግሌ እንላክበት» ያለው ኑረዲን ነው። መጀመሪያ ሳቅኩበት። ከዚያ ሌላ የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረኝ እሺ አልኩ። የሰፈራችንን ሼህ ሙሄን፣ ከአባዬ ጋ ይነዳ የነበረውን ጋሽ ይመርን፣ ከታች ያሉትን ጎረቤታችንን አቶ ሐጎስን ለመንን። ካንሰር የምትለውን ቃል ብቻ እንዳይጠሯት አደራ አልናቸው።

እነሱም ነገሩን ከልባቸው ያዙት። ሼህ ሙሄ ነጭ ጀለቢያ ላይ ኮት ደርበው፣ አቶ ሐጎስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጋሽ ይመር ከራባት አስሮ መጡ።

አባዬ ሦስቱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ በርቷል... ለወራት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አንቺ ጓዳ ግቢ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጓዳ ገብቼ እዚያ የተደበቀው ኑረዲን ሲስቅ ሳየው ነው የገባኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም። ሦስት ሽማግሌ አምሮ ለብሶ ቅዳሜ ጠዋት ከመጣ አባዬ ሌላ ምን ያስብ?

ሰው ልጁን ሲጠየቅ «ቤተ ዘመድ እንምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። አባዬ ቀጠሮ አላስፈለገውም።

«ኧረ ተቀመጡ፣ ሰጥቻለሁ!» ሲል ይሰማናል። «ልጁ የማን ነው? ይሰግዳል? እሷ እንደሆነች አፏ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው።»

ኑረዲን አፉን ይዞ ይስቃል። እኔ የምገባበት ቀዳዳ ጠፋኝ።

ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ሰይድ... እኛ እንኳ የመጣነው ስለ እርስዎ ነው። ስለ ሕክምናው።»



«ስለ ካንሰሩ?» አለ አባዬ።

ኑረዲን ሳቁን አቆመ።

«ዶክተሩ ልጆቼን ውጭ የጠራ ቀን ነው ያወቅሁት» አለ አባዬ። «ለቁስለት ማን ልጅ ውጭ ይጠራል? እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

እኛ እሱ እንዳይደነግጥ፣ እሱ እኛ እንዳንደነግጥ... አንድ ቤት ውስጥ ቲያትር ስንሠራ ከርመናል። በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም።

«እንግዲህ ከመጣችሁ አይቀር እኔ ልላካችሁ» አለ አባዬ። «ልጆቼ ጓዳ ናቸው። መርፌውን እወጋለሁ፣ የሕመም ማስታገሻውንም እውጣለሁ በሏቸው። ኬሞውን ግን ይተዉልኝ። እስከቻልኩ ድረስ መስጊድ በእግሬ ልሂድ። እህል ሳያስጠላኝ ደሴ ወንድሜን አይቼው ልምጣ። የቀረችኝን አልጋ ላይ መጨረስ አልፈልግም።»

ወዲያው ሦስቱም መጥተው ጓዳው በር ላይ ተደረደሩ። ጋሽ ይመር በከራባቱ ጫፍ እንባውን ይጠርጋል።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«ልመናችንን ካልተቀበላችሁን አንቀመጥም» አሉ ሼህ ሙሄ። ለነገሩ ጓዳችን ውስጥ ያለችው አንዲት በርጩማ ናት።

ኑረዲን «ኬሞው እኮ ዕድሜ ይጨምርለታል» አለ።

«ዕድሜው የማን ነው ልጄ?» አሉት አቶ ሐጎስ።

እኔ ግን አባቴን ማጣት አልፈልግም። አንዲት ወርም ብትሆን እፈልጋታለሁ፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስለዚህ ሙግት ጀመርኩ። «ከእንግዲህ ዶክተሩ ጋ ራሱ ይግባ፣ ሁሉንም ራሱ ሰምቶ ራሱ ይወስን። ከኛም ምንም አይደብቅ። ይህን ከተቀበለኝ እሺ» አልኳቸው።

ሼህ ሙሄ ሳሎን ሄደው ተመለሱ።

«እነሱም አይደብቁኝ፣ እንግዲያው ይሁን ብሏል» አሉ። እዚያው ጓዳ በር ላይ ዱዓ አደረጉልን፣ አቶ ሐጎስም አሜን አሉ።

በሠላሳ አራት ዓመቴ ሽማግሌ የላከብኝ የመጀመሪያው ወንድ አባቴ ሆነ... እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ?