የተረገጠው ባና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፌቨን የምግብ ጠረጴዛችንን አስለቅቃ የመጫወቻ ዳይስ ስታንከባልል አገኘኋት። እሷና ሁለት ጓደኞቿ ትናንሽ የእንጨት ምስሎች እየቀረፁ፣ የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ዝግጅት ይሸጣሉ። ዘንድሮ ለምስሎቹ ምንጣፍ አምሯቸዋል፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ቀጭን፣ ዳይሱ እንዳይንኳኳ የሚያደርግ። «አባዬ፣ መንዝ ውስጥ ባና የሚሠራ ሰው ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ብያት ወጣሁ። ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩት።

በወጣትነቴ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ከእናቴ ወንድም፣ ከጋሼ ወርቁ ጋር ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እንሠራ ነበር። እሳቸው ይሸምናሉ፣ እኔ እረግጣለሁ። ባና ከሽመና ሲወርድ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙቅ ውኃ እየፈሰሰበት በእግር ሲረገጥ ነው ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚወፍረው። ጋሼ በወጣትነታቸው ሲረግጡ ኖረው ጉልበታቸውን ስለጨረሱ ሥራው በእኔ እግር ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ መርገጥ ይቅርና ምሳዬን እንኳ ቁጭ ብዬ መጨረስ የማልችል ሰው ነበርኩ። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ጡሩምባ ሲሰማ ብድግ እላለሁ። «ምሳህን ጨርስ፣ አውቶቡሱ ነገም ይመጣል» ይሉኛል ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ወርሮት ነበር። አዲስ አበባ የሚማር ጓደኛዬ ሰሎሞን፣ ተማሪዎችና የውጭ አገር መምህራን ለሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ እንደሚጫወቱ፣ ለጠረጴዛ የሚሆን ምንጣፍም እንደሚፈልጉ ጻፈልኝ። ጋሼ ደብዳቤውን ካስነበቡኝ በኋላ፣ ይህም ሥራ ፈላጊ ካጣ የሽመና ዕቃውን ነቅለው እንደሚያርፉ ነገሩኝ። ቁርጡ ይኸው ነበር። እኔ ግን ከሰሎሞን ጋር ሌላም ነገር ተጻጽፌ ነበር፤ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቶልኛል። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ምን ያህል ውፍረት እንደሚሻል አልጠየቅንም። በእኛ አገር ባና ሲገዛ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ይደረጋል፤ ጣቶቹ እየተቃረቡ ካልመጡ ሸማኔው ይመሰገናል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው እንዳናፍር ብዬ ከተለመደው እጥፍ ረገጥኩት። በሥራዬ እንዲህ የተጋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥቅምት ነበር። ውርጩ ከገብሱ ላይ ሳይረግፍ ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ የእኛ ጥቅል የበግ በረት ይሸታል፤ አጠገባችን የነበረች ሴትዮ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ተጓዘች፣ ጋሼ ግን የገብስ ቆሎ ሲዘረጉላት አልጠላችም። እኔ መስኮቱን እያየሁ እግሬን አወዛውዝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ባናዎቹን ዘረጋን። አንድ ረጅም መምህር ሊሞክር ዳይስ ጣለ። ዳይሱ ፀጉሩ ውስጥ ሰመጠና በጠርዙ ቆመ። ደግሞ ጣለ፣ ደግሞ ቆመ። ትናንሾቹ ወታደር ምስሎች እንደ ሰከረ ሰው አንድ ባንድ ተጋደሙ። ካርታ ያስቀመጠ ደግሞ ማንሳት አቃተው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼም ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ማፈሬም አናደደኝ። ቅዳሜ እንደዚያው መሸ።

እሁድ ጠዋት ጋሼ ቅዳሴ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ መጣች። ባናውን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ገልብጣም አየችው። ሳሳ ብሎ ቢሠራ ለማኅበራቸው ጠረጴዛዎች ሁሉ እንደሚወስዱ ነገረችኝና፣ «ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይቻላል። ትንሽ መርገጥ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እሺ ካልኩ ግን ነገ ወደ መሐል ሜዳ ተመላሽ እኔ ነኝ፤ ሙቅ ውኃው፣ ያው ቦታ፣ ያው ጡሩምባ ከሩቅ።

«እሳቸው ቀጭን አይሠሩም» አልኳት።

ምናልባት ሐሳባቸውን ከለወጡ ብላ ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ኪሴ ከተትኩት። ጋሼ ተመልሰው ጠያቂ መጥቶ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ማንም አልመጣም አልኳቸው።

ማግስቱን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ጥቅሉ ጣሪያው ላይ ተጭኖ፣ እሳቸው በሩን ይዘው ቆሙ። «ቀጭን ማድረጉ እኮ ሥራ አልነበረም» አሉ። «መርገጡን መቀነስ ነው። ሰው ቢጠይቀኝ እሠራው ነበር።» ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በጣቴ ነካሁት። ከዚያ ማተሚያ ቤት ሥራ እንዳገኘሁና እንደምቀር ነገርኳቸው። አልተገረሙም። የተረፈውን ቆሎ ከነከረጢቱ ሰጡኝና ተሳፈሩ። በዚያው ዓመት የሽመና ዕቃቸውን ነቅለው እዚያው መንዝ፣ ዘመሮ ላለ ሰው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የልጅቷን ነገር አንድም ቀን አላነሣሁትም፣ አንድም ቀን ሙሉ ውዬ አልመጣሁም።

ከትናንት በስቲያ ደወልኩላቸው። አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ያኔ አንዲት ልጅ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ እንደነበር፣ እንደዋሸኋቸውም ነገርኳቸው።

«መነጽር ያደረገችዋ?» አሉኝ።

ከቅዳሴ ሲመለሱ የአዳራሹ በር ላይ አግኝታቸው ኖሯል። «ልጅዎ ቀጭን አይሠሩም አለኝ» ብላ ሁሉንም አጫውታቸዋለች።

«ታዲያ ለምን አልሠሩላትም?»

«ማን ሊረግጥልኝ፣ ልጄ? ያንተ እግርማ ሄዷል።»

ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ያ ነው የከበደኝ። አውቶቡስ ተራ ያሉኝን አሁን ሳስበው፣ መናገሪያ በር ከፍተውልኝ ነበር። አልገባሁበትም። እሳቸው ደግሞ ይዘው ሊያስቀሩኝ ይችሉ ነበር፤ አልያዙኝም።

ያ ዘመሮ ያለው ሰውዬ ዛሬም በጋሼ ዕቃ ይሸምናል አሉኝ። ቅዳሜ እንሄዳለን፤ መንገዳችን በጋሼ ቤት ነው። ፌቨን ቀጭን ባና ልታዝ ነው የምትሄደው። እኔ ጋሼ ፊት ቁጭ ብዬ ምሳዬን ልጨርስ ነው።