ከውሃው ላይ ያየሁት መንደር

የተወለድኩት ይፋግ ነው። ተድሬ ወደ ጣና ዳር ስመጣ፣ ውሃ ማለት ለእኔ በእንስራ የሚቀዳ ነገር ነበር። በየክረምቱ ሐይቁ ሞልቶ እስከ ደጃችን ሲመጣ አያለሁ፤ ታንኳ ላይ ግን አንድም ቀን እግሬን አላሳረፍኩም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት አማቴ፣ «ይቺ ምራቴ ከውሃ ጋር ተጣልታለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጎርፉ ሸሽቶ ሩዙ ቢጫ ሲሆን፣ ከወረታ በባጃጅ እንግዶች መጡ። ሁለት እህትማማቾችና እናታቸው ናቸው፤ አገር ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡ። ወደ መንደራችን ጎብኚ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዛፍ የተከበበውን ጥንታዊ ቤተክርስቲያናችንን ከሐይቁ ላይ ሆነን እንየው አሉ። አማቴ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው እንደ ሙሽራ አባት ይራወጡ ጀመር።

እህትማማቾቹ ከባለቤቴ ጋር በሌላ ታንኳ ቀድመው ሄዱ። እናትየው ግን ዳር ላይ ቆሙና እጄን ያዙኝ።

«አንቺ አጠገቤ ካልተቀመጥሽ አልወጣም።»

«ኧረ እማማ፣ እኔም እፈራለሁ!»

«እንግዲያው አብረን እንፍራ» ብለው ሳቁ።

እንግዳ እንዴት እምቢ ይባላል? ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ታንኳዋ ስትወዛወዝ ጮህኩ። አማቴ በረጅም ዘንግ ገፋ ሲያደርጓት በደንገሉ መሀል ሹልክ ብለን ሰፊው ውሃ ላይ ወጣን።

ዞር ብዬ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ! ቤተክርስቲያናችን በዛፎቹ መሀል ይታያል፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎቻችን ያብረቀርቃሉ። ከኋላቸው የሩዙ ማሳ እንደ ወርቅ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ማዶ የጉና ተራራ በሰማያዊ ጭጋግ ቆሟል። ስንት ዓመት የኖርኩበትን አገር ገና ያን ቀን አየሁት።

«ያቺ ቤቴ ናት! ያቺ ደግሞ ቡሬዋ ላማችን!» አልኩ፣ ፍርሃቴ ጠፍቶ።

ወዲያው ራቅ ብሎ ውሃው ፈላና የጉማሬ ጆሮዎች ብቅ አሉ። እማማ ክንዴን ጨመቁት።

«አትንቀሳቀሱ» አሉ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እሱም እንግዳ ሊያይ ነው የወጣው።»

ጉማሬው ሲያጓራ ዳር የነበሩት ወፎች ሁሉ ባንዴ ተነሡ፤ ሰማዩ በክንፍ ተሞላ። እማማ እልል አሉ፤ እኔም ተቀበልኳቸው።

ወደ ዳር ስንመለስ እማማ ወረዱ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

«አባባ፣ አንዴ እንደገና እንዙር!»

አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታንኳው ላይ ወጥቼ አገሩን የማሳየው እኔ ነኝ። በቀደም እናቴን አስመጥቼ በታንኳ አሳፈርኳት፤ እስክንመለስ ድረስ መቀነቴን አልለቀቀችም።