የቆጵሮስ አሸዋ

ውጭ በረዶ እየጣለ፣ ልጄ ለሰመር የገዛችውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሰንስክሪን፣ ከፍታ እጄን ቀባችኝ። ቆጵሮስ ልንሄድ ሆቴል እየመረጥን ነበር። ሽታው ግን ራንድል ሰፈር ወደነበረው የልጅነት አፓርትመንታችን መለሰኝ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴም ቤተሰቡን ሊወስድ ያሰበው እዚያው ደሴት ነበር። እናቴ ካናዳ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥራ የሠራችበት አገር ስለሆነ ደስ ይላታል ብሎ ነው። እኔ የገዛልንን ሰንስክሪን ፊቴን ሙሉ ተለቅልቄ፣ የባሕሩን ፎቶ አሳየኋት።

"ማሚ፣ ዋና የተማርሽው እዚህ ነው?"

"ገብቼበት አላውቅም" አለች፣ ድንች መላጧን ሳታቆም። "የአሠሪዎቼን ልጆች ይህንኑ ቀብቼ ወደ ባሕሩ እልካቸዋለሁ፤ ሲመለሱ አሸዋውን ከእግራቸው አጥባለሁ። እኔ የማውቀው ባሕር ይኸው ነው።" ከዚያ አባቴን ቀና ብላ አየችው። "እናንተ ሂዱ። ስትመለሱ ብቻ ጫማችሁን ውጭ አራግፉ።"

አባቴ ኮምፒውተሩን ዘጋው።

"አያቴስ?" አለች አሁን ልጄ፣ ከሆቴሎቹ ዝርዝር ቀና ብላ። "ለእሷም ቡክ ላድርግ?"

እናቴ በሩ ጋ ጎንበስ ብላ፣ በረዶው እንዳያንሸራትት መንገድ ላይ የሚበተነውን፣ ከልጆቼ ቡትስ ጫማ የረገፈውን አሸዋ ትጠርጋለች። ስንት ጊዜ ተይው ብያታለሁ።