ደፍ የሌለው ቤት

ከአዳማ በወጣሁበት ጠዋት ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቴ ዘሃራ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ትስባለች፤ ጉንፋን ነው ብላኛለች። ከሁሩታ የመጣው ወንድሜ ታደሰ መስኮቱ ሥር ሆኖ የመኪናውን ቁልፍ ያንቀጫቅጫል። ግንበኛው ገመቹ ደግሞ የውጭው በር ላይ፣ ራሱ የሠራው ደፍ ላይ ቆሟል። ማንም አልነገረኝም። ዓይኔ ከጠፋ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ግን ማን የት እንደቆመ አጥቼው አላውቅም።

ሐኪሙ የዓይኔ ብርሃን ሊያልቅ ጥቂት ወራት እንደቀረው ሲነግረኝ ቤቴ ሄጄ ገመቹን አስጠራሁት። በየበሩ ደፍ ሥራልኝ፣ አንዱ ካንዱ ግን አይመሳሰል አልኩት። የመኝታ ቤቱን በእንጨት፣ የማድ ቤቱን በድንጋይ፣ የውጭውን በሻካራ ሲሚንቶ ሠራው። ከጓሮ በር እስከ ሽንት ቤቱም በወገቤ ልክ ገመድ ወጠረልኝ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ እንግዳ ያደናቅፋል» አለኝ።

«ዓይን ያለው አይቶ ይለፍ» አልኩት።

ዘሃራ አንድ ጊዜ ለበዓል ቤት ስታሰናዳልኝ ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስጠጋችውና ገጭቼው ቅልጥሜ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ወንበር ጣሳ ሳትጠይቀኝ አላነሳችም።

ለምን ወጣሽ የምትሉኝ አላችሁ። አንድ ልጄ ሰላማዊት ስዊድን ናት። ብቻሽን አትሁኚ እያለች ሁለት ዓመት ወተወተችኝ፤ ወረቀቱ ሲመጣ እምቢ የምልበት አጣሁ።

ታደሰ ክንዴን ሊይዝ መጣ። «ነይ እታለም፣ ልደግፍሽ።»

«ከገዛ ቤቴ ራሴ ነው የምወጣው» አልኩት።

«ምንም አይነካም አስካሉ» አለች ዘሃራ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ሻካራውን ደፍ ረግጬ ወጣሁ። ነፋሱ ግራ ጉንጬን መታኝ። የአዳማ ሰው ያንን ነፋስ በአቧራው ይረግመዋል፤ እኔ መንገዴን የማውቀው በእሱ ነበር።

ሰላማዊት ያለችበት ከተማ ጎተንበርግም ነፋስ አለ፤ ግን ከየትም ይመጣል። ፓፓያው ዱባ ዱባ ይላል። ጎረቤት ቀጠሮ ሳይዝ በር አያንኳኳም። ይህን ሁሉ ቻልኩት። በረዶው ግን ሌላ ነው። ሲጥል ድምፅን ይውጣል፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ ግድግዳው ሁሉ ይጠፋል። የታወረ ሰው ሁለተኛ የሚታወርበት አገር ነው።

የከተማውን አስተዳደር ኮሙን ይሉታል። ኮሙኑ ከአንድ ፎቅ ምድሩ ላይ አንድ ክፍልና ማድ ቤት ለሦስት ወር ሙከራ ሰጠኝ። ብቻዬን መኖር ከቻልኩ ቤቱ የእኔ ይሆናል፤ ካልቻልኩ ሰው ክንዴን ይዞ ወደሚያበላኝ የአረጋውያን መጦሪያ እገባለሁ። ቁልፉን ያስረከበኝ ሰው ኮርቶ፣ ቤቱ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ ነው፣ አንድም ደፍ የለውም አለኝ። ለዊልቸር ነው። ወለሉ ከበር እስከ መስኮት እንደ ሳህን ልሙጥ ነው፤ እግሬን ምንም አይነግረውም። ደፍ ይሠራልኝ ስል ሳቀ።

«እማዬ፣ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ደፍ ሳስነሳ ነው የኖርኩት ይላል» አለችኝ ሰላማዊት።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። ማድ ቤቱ መግቢያ ላይ የቃጫ ምንጣፍ፣ የውጭው በር ላይ ሻካራ የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ኮሪደሩ የሚታጠፍበት ጋ ወንበር አቆምኩ። መስኮቱ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሬዲዮ አስቀመጥኩ፤ የሚለው አይገባኝም፣ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። የስኳሩን ጣሳ በላስቲክ፣ የጨውን በሁለት ላስቲክ አሰርኩ። ሦስት ወር ሳልወድቅ ኖርኩ።

ቁልፉን ያስረከበኝ ሰው አኗኗሬን ሊያይ በሚመጣበት ጠዋት፣ እኔ ገላዬን ስታጠብ ሰላማዊት በያዘችው ቁልፍ ገባች። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ወንበር ጥግ ይይዛል፣ አሮጌ ምንጣፍ ይነሳል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ቤቱ ጠፋ።

ወንበሩን በእጄ ፈለግኩ፤ የለም። ሬዲዮው ዝም ብሏል። አንድ እርምጃ ስጨምር የማድ ቤቱ በር ጠርዝ ግንባሬን መታኝ። «እማዬ» አለች ሰላማዊት። ከኋላዋ እስክርቢቶ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ሰማሁ። ሰውየው ገብቶ ኖሯል።

«ምን ጻፈ?»

«ምንም አይደል፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ሰላማዊት።»

«ቤቷ ውስጥ መንቀሳቀስ አትችልም ብሎ ነው።»

«ምንጣፎቼስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። እንግዳ ስለሚመጣ፣ ደግሞ ያረጁ ስለሆኑ...»

«ሁለታችሁም ካፖርት መስቀያው ሥር ቁሙ። ንቅንቅ እንዳትሉ። ለእሱም ንገሪው።»

«እማዬ፣ የኮሙን ሰው እኮ ነው፣ እንደዚህ አይባልም።»

«እንዳልኩት ተርጉሚው።»

ተረጎመችው። ምንጣፎቹን አውጥቼ በየቦታቸው አነጠፍኩ። ወንበሩን ጎትቼ መታጠፊያው ላይ አቆምኩ፤ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ከዚያ ሻይ አፈላሁ፣ ባለ ላስቲኩን ጣሳ አንስቼ ስኳር ጨመርኩ፣ ሁለት ብርጭቆ ሞልቼ ጠብታ ሳላፈስ የቆሙበት ድረስ ወሰድኩላቸው። ሰውየው ተቀበለኝ፤ ሲጠጣም ሰማሁት።

«እሳት ቢነሳስ? ይላል።»

«ጭስ ሲሞላ እሱም አያይም። ያን ጊዜ ቀሚሴን ይዞ ይከተለኝ በይው።»

ይህንንም ተረጎመችው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅጹ ላይ ለምንጣፍ የሚሆን ቦታ የለም ይላል።»

«በጀርባው ይጻፍ።»

ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች።

«ውጭውስ ይላል። ሌሊት በረዶ ጥሏል። ብቻዋን ሱቅ ደርሳ ካልተመለሰች ቤቱን ልፈቅድላት አልችልም ነው የሚለው። እማዬ፣ ዛሬ አይሆንም በይው። ሌላ ቀን ይምጣ። እኔ እለምነዋለሁ።»

ሰላማዊት ከመስቀያው በስተቀኝ ነበረች። ሰውየው በስተግራ፣ በሩን ከልሎ ቆሟል።

«ከበሩ ዞር ይበልልኝ» አልኩ።

ዞር አለ። ጫማዬን አሰርኩ፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ በትሬን ከጥጉ አነሳሁ። ሻካራውን ምንጣፍ ረግጬ ወደ በረዶው ወጣሁ።