በበር ላይ የቀረው ሰው

ኤስኲሊኖ ገበያ ውስጥ በሕንዶቹ ሱቅ በኩል ስናልፍ ባለቤቴ "ቅመም አንገዛም?" ይለኛል። እናደዳለሁ። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ እንደማልወድ ያውቃል፤ ግን ይረሳል። ወንድ አይደል!

ነገሩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ያኔም የምንኖረው እዚሁ ሮም፣ ፒኜቶ ነበር፣ በኪራይ ቤት። ባለቤቴ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ዴልሂ ላከውና "እኔም እሄዳለሁ" ብዬ ድርቅ አልኩ። ሕንድ ናፍቃኝ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በመንግሥት ተልኮ እዚያ ነበር የሚማረው። ትምህርቱ አልቆ አገርህ ግባ ተብሏል። ከሱ ቀድሞ የገባ አንድ ጓደኛው ከአውሮፕላን ሲወርድ ነው የወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም። እናቴ በመንገደኛ "ልጄ እንዳይመጣ። ባላየውም ይኑርልኝ" ብላ ላከችብኝ። እናት ልጄን አታሳዩኝ ስትል አስቡት እንግዲህ።

ባለቤቴ የወንድሜን የጣልያን ቪዛ አስጨረሰ፤ ትኬቱን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። የጎደለው የወንድሜ "እሺ" ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ብቻውን ማግኘት አልቻልኩም።

ምክንያቱ አንድ ሰው ነው። ከወንድሜ ጋር ከአንድ መሥሪያ ቤት አብሮ የተላከ፣ አንድ ክፍል አብሮት የሚያድር። ወንድሜ ሆቴላችን ሊጠይቀን ሲመጣ ይዞት መጣ፤ ሻይ ተጠጣ፣ ራት ተበላ፣ ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ሲሄዱ ለባለቤቴ "ይሄ ሰላይ ካልሆነ እኔ ሰው አይደለሁም" አልኩት።

ከመመለሻችን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወንድሜ "አሮጌውን ከተማ ላሳይሽ" አለኝ። ተመስገን፣ ዛሬ ብቻችንን ነን ብዬ ወረድኩ። ሰውየው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ በር ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ መንገድ እንዳይጠፋችሁ ብዬ ነው" አለኝ።

አመዴ ቡን አለ።

አሮጌው ዴልሂ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ሞልቷል። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተተብትቧል፣ ከታች ላም ተኝታለች፣ የብስክሌት ጋሪው እየጮኸ ይመጣብሃል። ግንቡን፣ ትልቁን መስጊድ፣ የብር አንጥረኞቹን ሰፈር፣ ሁሉንም የሚያሳየኝ ሰውየው ነበር። ወንድሜ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ቅመም ተራ ስንደርስ በርበሬው አስነጠሰኝ።

"እትዬ፣ በርበሬ በረንዳ ያሉ አይመስልዎትም?" ብሎ ሳቀ።

"ይመስላል" አልኩ፤ ጥርሴን ነክሼ። ቀኑ እየሄደ ነው። አምባር ልግዛ ብዬ ወንድሜን ክንዱን ይዤ ሱቅ ውስጥ ስጎትተው፣ ያ ሰው ዋጋ ሊከራከርልኝ ተከትሎን ይገባል። ደግሞ ሲከራከር ጎበዝ ነው! አምባሩን በግማሽ ዋጋ አስገዛኝ፤ እኔ ግን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

ከግንቡ ፊት ለፊት ቀይ ድንጋይ ቤተ መቅደስ አለ። የዚያ ሃይማኖት ሰዎች ነፍስ ያለው ነገር አይነኩም፣ እንስሳ አይገድሉም። ስለዚህ ጫማ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ቆዳ የሆነ ነገር ከበሩ አያልፍም። እኔ ጫማዬንና ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወንድሜ ቀበቶውን ፈታ። ሰውየውም እጁን ወደ ቀበቶው ሰደድ አደረገና ሳቀ።

"እኔስ ይቅርብኝ። ይቺን ከፈታሁ ሱሪዬ ወርዶ መሳቂያ መሆኔ ነው። ዕቃችሁን እጠብቃለሁ፣ ግቡ።"

ማርያምዬ፣ ይህችን ቀዳዳ አንቺ ነሽ የከፈትሽልኝ አልኩ በልቤ። ወንድሜን እየገፋሁ ገባሁ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሴቶች ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ሩዝ በጣታቸው እየደረደሩ ይጸልያሉ። አንድ ጥግ ይዤው ቆምኩና ጀመርኩ።

"ነገ ጠዋት ነው። ትኬትህ እኔ ጋ ነው፣ ቪዛህም ተጨርሷል። አሎራ፣ እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?"

"እሱስ?" አለኝ።

"እሱ ማን?"

"በር ላይ ያለው።"

"እሱ ምን አገባኝ! ሰላይ አይደል እንዴ?"

"እቴ፣ ሰላይ ቢሆንማ አሁኑኑ እሺ ባልኩሽ ነበር። ዋሴ ነው።"

ከአገር ሲወጡ አንዱ ለአንዱ ፈርመው ነው የወጡት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው በሱ ቦታ ይጠየቃል። ሰውየው ሚስቱን እርጉዝ ትቶ ነው የመጣው። ልጁ አሁን ይሮጣል፤ አባቱን አላየም።

ደሜ ፈላ። "እና የሰው ልጅ አሳዘነኝ ብዬ ወንድሜን ልቅበር? እናትህ እንዳይመጣ ብላ እያለቀሰች!"

"እሱም እናት አለው።"

"የሱን እናት እኔ አላውቃትም!"

ጮኼ ኖሮ ሩዝ የምትደረድረው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሏል። "ተይኝ፣ አታስጨንቂኝ" አለና ወደ በሩ ሄደ። እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ።

ስንወጣ ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ቦርሳዬን ጭኑ ላይ አድርጎ አቅፎታል፣ ትኬቱ ያለበትን ቦርሳ! ጫማዬን ፀሐይ እንዳያግለው በራሱ ጥላ ከልሎታል። ብድግ ብሎ እግሬ ስር አስተካክሎ አስቀመጠልኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ወደ ጣፋጭ ቤት ወሰደን። ድሬዳዋ ሙሸበክ የምንለውን በትኩሱ ይጠብሳሉ። አልበላም አልኩ። ቆርሶ ወደ አፌ አቀረበው። ጉርሻ እምቢ አይባል ነገር! ነገ ጉድ የምሠራውን ሰው ጉርሻ ጎረስኩ።

ወንድሜ ጋሪ ሊጠራ ራቅ ሲል ሰውየው ጠጋ አለኝ። ሳቁ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ ይውሰዱት።"

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ። ነገ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። ስብሰባችን ላይ አንዴ በመንግሥት ላይ አፉን ከፍቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ አገር ከገባ አይወጣም። እኔ ደግሞ ልጄን ሳላይ የትም አልሄድም። ቢጠይቁኝ ተኝቼ ነበር እላለሁ። ቢገርፉኝም ተኝቼ ነበር ነው የምለው።"

ወንድሜ ወዳለበት ዞር ብሎ አየና ቀጠለ።

"ብቻ እኔ ማለቴን እንዳይሰማ። ከሰማ እግሩን አያነሳም። ማርያምን ይበሉኝ።"

"ማርያምን" አልኩ። ምን እንደሚደርስበት ገብቶኛል። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንባዬ እየመጣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አየር ማረፊያው ውስጥ በሩን እያየሁ አንገቴ ደረቀ። ባለቤቴ ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል። መንገደኛው ሁሉ ገብቶ ሊያልቅ ነው። "ቀርቷል፣ እንግባ" ሲለኝ ጮህኩበት። የመጨረሻው ጥሪ ሲጠራ ወንድሜ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ።

"ተኝቶ ጥዬው መጣሁ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እስከ ሮም ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነበር።

ፒኜቶ ትንሿን ክፍል ሰጠነው። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን አገኘ፣ ሥራም አገኘ። ሳቅ ግን የለም። ሰው ከአገር ቤት መጣ በተባለ ቁጥር ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል፤ ያበሾቹን ቡና ቤቶች እየዞረ ስለዚያ ሰው ይጠይቃል። እኔ አፌ ላይ የመጣውን ቃል እየመለስኩ አብሬው ተቃጠልኩ። ማርያምን ያልኩትን እንዴት ላፍርስ?

አንድ እሑድ ከተርሚኒ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

"ወስደውታል" አለ። "ከቤቱ ነው የወሰዱት፣ ልጁ እያየ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም።"

በቃኝ። የመጣው ይምጣ፣ ማርያምም ትፍረደኝ ብዬ ዘረገፍኩት። "ስማ፣ አንተ አይደለህም የከዳኸው። ይውሰዱት ያለኝ ራሱ ነው! ጋሪ ልትጠራ ስትሄድ። እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩህ።" ከላዩ ሸክም የማወርድለት መስሎኝ ነበር።

ቀና ብሎ አላየኝም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ? ማን ነገረህ?"

"ያን ሱሪ አብረን ነው ያሰፋነው፣ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ። ልኩ ነው፤ ያለ ቀበቶ ጥብቅ ብሎ ይቆማል። ሱሪዬ ይወርዳል ብሎ በር ላይ ሲቀር ነው የገባኝ። ጠዋት ስወጣም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እንጂ አልተኛም።"

ካፖርቱን አንድ ቁልፍ ፈታና መልሶ ቆለፈው።

"እያወቅሁ ነው የመጣሁት፣ እቴ።"