የጋሽ መኩሪያ ትንንሽ ቱቦዎች

ኦስሎ ውስጥ፣ ከሮመን ሜትሮ ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ በፎቆቹ መካከል አንዲት ዝቅ ያለች የጡብ ቤተ ክርስቲያን አለች። የደወል ማማዋ ከጎረቤት ሕንፃዎች ስለሚያንስ ለእንግዳ ሰው ትምህርት ቤት ትመስለዋለች። ልጃቸው ማዕዶት ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ጋሽ መኩሪያ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። ሥራው ግማሽ ቀን ነው። በቀረው ጊዜ ሲከየም በሚሉት መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያንን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

ኦርጋን የለመዱት ይርጋለም ነው፤ የኖርዌይ ሚስዮናውያን ትተውት በሄዱት፣ በእግር እየተረገጠ በሚነፋ አሮጌ ሃርሞኒየም። የግራ መርገጫው ተሰብሮ ስለነበር በቀኝ እግር ብቻ ነበር የሚነፉት። ኦስሎ መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ኦርጋን ላይ ሲቀመጡ ግራ እግራቸው እንደ እንግዳ ተሰብስቦ ተቀመጠ፤ መምህሩ ጎንበስ እያለ በእጁ አንሥቶ የእግር ቁልፎቹ ላይ ያስቀምጥላቸው ነበር። ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቃሉ። "እግሬን እንደ ሕፃን አሳድጎልኛል" ይላሉ።

በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ያሉ ኦርጋን ተጫዋቾች አንድ ትንሽ ማኅበር አላቸው። በጋ ላይ አውቶቡስ ተከራይተው የገጠር ቤተ ክርስቲያኖችን ኦርጋን ሊያዩ ይሄዳሉ። በመኸር ሕፃናትን ሰብስበው ወደ ኦርጋኑ ሆድ ያስገቧቸዋል፤ ትልቁን ቱቦ በእቅፋቸው እንዲለኩ፣ ትንሿን በአፋቸው እንዲነፉ። በወር አንድ ማክሰኞ ምሽት ደግሞ ከአባላቱ በአንዱ ዘንድ ይገናኛሉ፤ አስተናጋጁ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ቫፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣና ቡና ይቀርባል።

ማኅበሩ ያልተጻፉ ሁለት ደንቦች አሉት። አንደኛው፣ አስተናጋጁ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት የላይኞቹን ትንንሽ ቱቦዎች በራሱ እጅ መቃኘት አለበት። ሁለተኛው፣ የኦርጋኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ማንም ምንም አይናገርም። ደግም ይሁን ክፉ፣ ተጫዋቹ ከወንበሩ እስኪወርድ ሁሉም በየቦታው ዝም ይላል። ድሮ አንድ አባል ገና እጁ ቁልፉ ላይ ሳለ ተነቅፎ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ስላልተመለሰ ነው ይባላል።

ጋሽ መኩሪያ ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። እራት ላይ ስለ ሥራቸው ሲነሣ ማዕዶት ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

"ጣት ቢያረጅ ምንም አይደል፤ በዝግታ ይጫወታል። ጆሮው የሄደ ኦርጋኒስት ግን ወንበሩን ለሰው ይልቀቅ።"

ካለፈው ጸደይ ወዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ማዕዶት ሳህኗን ታያለች።

የጀመረው ሜትሮ ላይ ነው። የባቡሩ በር ሊዘጋ ሲል ያን ስል የማስጠንቀቂያ ድምፁን እያሰማ፣ አባቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘና ብለው እግራቸውን ሰደዱ፤ በሩ ጫማቸውን ያዘው። "ዛሬ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ!" አሉ ተቆጥተው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምድጃው ደወል ነገር መጣ። እናቷ እትዬ ዋጋዬ ከመኝታ ቤት ይጣራሉ፦

"መኩሪያ! ምድጃው እየጮኸ ነው እኮ!"

"ምኑ?"

"ምኑ ይለኛል ደግሞ! አፍንጫህ ሥር ነው!"

"አልጮኸም።"

"እኔን መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ዛሬ ደግሞ ምድጃውን ጀመረልኝ" አሉ እትዬ ዋጋዬ እየሳቁ መጥተው፣ ድምፁን እያጠፉ። ጋሽ መኩሪያም ሳቁ። "የምድጃና የሚስት ጩኸት አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ይለምደዋል።" ማዕዶት ግን አባቷን እያየች ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

ኅዳር ላይ የማስተናገዱ ተራ የጋሽ መኩሪያ ሆነ። ከይርጋለም ይዘውት የመጡትን፣ የትም መጽሐፍ ላይ ያልታተመ የሠርክ መዝሙር ለኦርጋን አዘጋጅተው ነበር። መዝሙሩ ከታች፣ ከወፍራሞቹ ቱቦዎች ይነሣና ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ የላይኛው እጀታ ሲሳብ ትንንሾቹ ቱቦዎች ሁሉ አብረው ይከፈታሉ። "ያኔ ጣሪያው ይነሣል" ይላሉ ጋሽ መኩሪያ። የተጻፈው ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ነው።

ከማክሰኞው በፊት ባለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባትና ልጅ ሊቃኙ ሄዱ። ማዕዶት በልጅነቷ እግሯ መሬት ሳይነካ ጀምሮ የምታውቀው ሥራ ነው። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንድ ቁልፍ ተጭና ትይዛለች፤ አባቷ በጠባቡ በር ገብተው ከቱቦዎቹ መካከል ይቆማሉ። በአንድ ቁልፍ ሁለት ቱቦ ይነፋል፤ አንደኛው የተቃኘ፣ ሌላኛው የሚቃኘው። ካልተስማሙ በመካከላቸው ሞገድ ይሰማል፤ ዋው ዋው ዋው የሚል፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ የመሰለ። ቃኚው ትንሿን ቱቦ አናቷን በናስ መሣሪያ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርጋታል። ሞገዱ ይዘገያል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ ያንቀላፋል። ያኔ "ቀጥይ!" ይላል።

"ጉርምርምታው እንዳይረብሸን የማድቤቱን ፍሪጅ ነቅለሽዋል?" አሉ ከውስጥ።

"ነቅያለሁ አባዬ።"

"በይ እንግዲህ፣ ከመካከል ጀምሪ።"

መካከለኞቹ በደንብ ሄዱ። ሞገዱ ይመጣል፣ ይተኛል፤ "ቀጥይ" ይላሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቱቦዎቹ እያነሱ ሄዱ፤ እንደ እርሳስ፣ ከዚያ እንደ ግማሽ እርሳስ። አባቷ እያንዳንዷን ነቅለው አቧራዋን እፍ ይላሉ፣ ይመልሷታል፣ አናቷን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፣ ያዳምጣሉ።

"ጸጥ አለ። ቀጥይ።"

ጸጥ አላለም። ማዕዶት ጥርሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ሁለቱ ድምፆች እንደ ተጣሉ ድመቶች ይናከሳሉ።

"አባዬ፣ አንዴ ብትደግመው?"

መታ መታ። ባሰበት።

"አሁንም ጸጥ ነው። ቀጥይ።"

ያን ጊዜ ገባት። አባቷ የሚሰሙት የተቃኘውን፣ ወፍራሙን ቱቦ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ብቻውን ስለሚሰማቸው ምንም ሞገድ የለውም። ትንሿን አይሰሟትም። ባልሰሟት ጊዜ ደግሞ የተስማማች ይመስላቸዋል።

"እኔ እኮ ሞገድ ይሰማኛል" አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

ከቱቦዎቹ መካከል ሳቅ መጣ። "የእጄ ሙቀት ነው። ቱቦዋ ስትበርድ ይተኛል። አንቺ ልጅ መቼም ትዕግሥት የለሽም፤ በምትሠሪበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ባርነሃገው ውስጥ እናንተ ናችሁ ልጆቹን የምትይዙት ወይስ ልጆቹ እናንተን?"

"ልጆቹ ናቸው።"

"አላልኩም? በይ ቀጥይ።"

ሙቀት ድምፅን መለወጡ እውነት ነው። ስለዚህ ማዕዶት ጠበቀች። ቁልፉን ተጭና፣ ሞገዱ እንዲተኛ እየለመነች ጠበቀች። አልተኛም። አባቷ ደህና የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያበላሹ፣ በየአንዳንዱ "ጸጥ አለ" እያሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሄዱ። ከጠባቡ በር ሲወጡ ጸጉራቸው ላይ አቧራ ነበር፤ ፊታቸው ግን ታጥቦ የወጣ ሰው ፊት ነው።

"እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም" አሉ።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ማዕዶት ማዮርስቱን ወደሚባለው ሰፈር ወርዳ ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሲግሪድ ጋር ቡና ቤት ተቀመጠች። ሲግሪድ ጡረታ የወጣች፣ ጀርባዋ የጎበጠ ኦርጋኒስት ናት። በኖርዌይኛ አንቱታ ከቀረ ስለቆየ ማዕዶት "አንቺ" እያለች ነው የምታወራት፤ በልቧ ግን "እርስዎ" ነው የምትላት።

"አባቴ ትንንሾቹን አይሰማም" አለች።

ሲግሪድ ስኳሩን አማሰለች። "እናውቃለን።"

"ታውቃላችሁ?"

"ከፋሲካ ጀምሮ። በቀድሞው ቤተ ክርስቲያኔ ተራዬን ለቅቄለት ሲጫወት አንዲት ትንሽ ቱቦ አልዘጋ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትጮህ ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ነበር የሚጫወተው።"

"ለምን አልነገራችሁትም?"

"ወንበሩ ላይ ነበራ።"

"ሲወርድስ?"

"ሲወርድ ደግሞ ቫፍሉ ደርሶ ነበር" አለች ሲግሪድ። ከዚያ አፈረችና መስኮቱን አየች። "ከመካከላችን አንዱ ይነግረዋል እያልን እስካሁን አለን።"

"ነገ የላይኛውን እጀታ የምስብለት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አትሳቢ። እጅሽን አስጠጊ፣ እንደሳብሽ ሁኚ። ልዩነቱን አይሰማም።"

ማዕዶት ራሷ ከዚህ የተሻለ ምክር የላትም፤ ከዚህ የከፋም ሰምታ አታውቅም። ወደ ሮመን በሚመለሰው ባቡር ውስጥ፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ቤት ስትገባ አባቷ ነጭ ሸሚዛቸውን ራሳቸው እየተኮሱ ነበር። "ይሄኛው ኮሌታ ያምራል ወይስ ያኛው?" አሏት። "ይሄኛው" አለች። ቀጥላም ወደ መኝታዋ ሄደች።

ማክሰኞ ምሽት አባላቱ መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ከፊት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዋጋዬ ቫፍሉን ማድቤት ትተው መጡና ከኋላ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ስለ ኦርጋን ምንም አያውቁም፣ ባላቸው ሲጨርሱ የሚያጨበጭቡ እሳቸው ብቻ ናቸው።

መዝሙሩ ከታች ተነሣ። ጋሽ መኩሪያ በደንብ ተጫወቱ፤ ግራ እግራቸው እንኳ እንደ ቀኙ ረጋ ብሎ ይራመዳል። ማዕዶት አጠገባቸው ቆማ በየቦታው እጀታ ትስባለች፣ ትመልሳለች። ዜማው እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። አባቷ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ምልክት ሰጧት፦ አሁን።

እጇን የላይኛው እጀታ ላይ አኖረች። አልሳበችውም።

ጋሽ መኩሪያ መጫወቱን ቀጠሉ፤ ፊታቸው ጣሪያው የተነሣ ሰው ፊት ሆነ። ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ሄደ፤ ማዕዶትም ያልፋል ብላ አሰበች። ከዚያ ዓይናቸው እጀታው ላይ ወረደ። እንደተዘጋ ነው። የረሳች መሰላቸው። አልተቆጡም፤ "አይዞሽ" እንደማለት ጥቅሻ ሰጥተዋት፣ ግራ እጃቸውን ከቁልፎቹ አንሥተው ራሳቸው ሳቡት።

ትንንሾቹ ቱቦዎች ሁሉ አብረው ጮኹ።

ከፊት የተቀመጠ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ሲግሪድ ጭኗ ላይ ያለውን ጓንት ትመለከታለች። ሌሎቹም መሬት መሬቱን ያያሉ። ጋሽ መኩሪያ በዚያ ጩኸት ውስጥ ፈገግ እያሉ፣ ወደ መጨረሻው እያዘገሙ፣ ጨረሱ ሊባል ጥቂት ሲቀር፣ እንደ ልማዳቸው ከቁልፎቹ በላይ በተሰቀለችው መስተዋት ቤቱን ቃኙ።

ከኋላ እትዬ ዋጋዬ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የማኅበሩን ደንብ ማንም አልነገራቸውም።

የመጨረሻውን ቁልፍ ለቀቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያጨበጨበ የለም። ጋሽ መኩሪያ መስተዋቷን ትንሽ ቆይተው ተመለከቱ፤ ከዚያ የላይኛው እጀታ ብቻ ሲቀር ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጉ። በአንድ ጣታቸው መካከል ላይ ያለ ቁልፍ ተጫኑ።

"ማዕዴ።"

"አቤት፣ አባዬ።"

"ይሄ ይሰማኛል።" ወደ ቀኝ ሄዱ። "ይሄም።" ደግሞ ወደ ቀኝ። "ይሄም ትንሽ።"

ወደሚቀጥለው ቁልፍ አለፉ። ጣታቸው ተጭኖታል። ቱቦዋ ከላይ ቀጥ ብላ ጮኸች። ጠበቁ።

"ይሄስ?"

"ይሰማል አባዬ።"

አንድ ወደ ግራ ተመለሱ፣ አዳመጡ፤ እንደገና ወደ ቀኝ ሄዱ፣ አዳመጡ። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ወረቀት እንኳ በግድ ነው የሚገባው።

"እንግዲያው እስከዚህ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ሲግሪድ ልትነሣ ከወንበሯ ከፍ አለች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ጋሽ መኩሪያ ገና አግዳሚው ላይ ናቸው፤ እዚያ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ማንም ምንም አይናገርም። እሳቸውም አልወረዱም። ማዕዶት ትከሻቸውን ልትነካ እጇን ዘረጋች፤ የት እንደምታሳርፈው ግን ጠፋት። አባቷ ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሡ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ትንሿ ቱቦ ከላይ፣ ከእሳቸው በቀር ለሁሉም፣ ትጮኻለች።